ጉልበት የማላይበት ምክንያት

አሁንም ሰው ይመጣል። ከቀወት ገጠር በአህያ፣ ከከተማው በባጃጅ፣ አንዳንዴም ሰው አዝሎት ይመጣል። ቁርጭምጭሚቱ የዞረ፣ ትከሻው የወለቀ፣ ወፍ ሲጠብቅ ከማሽላ ማማ ላይ የወደቀ። ከግቢዬ በር አጠገብ ኒም ዛፍ አለ፤ ከሥሩ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ። እዚያ ተቀምጠው ይጠብቁኛል። ወጥቼ ሰላም እላለሁ፣ ውሃ አቀርባለሁ፣ ከዚያ "ጤና ጣቢያ ሂዱ" እላለሁ።

ቅር ይላቸዋል። "ጋሼ፣ እጅዎ ደከመ እንዴ?" ይሉኛል። አንዲት አሮጊት ባለፈው የልጅ ልጃቸውን ይዘው ሲመለሱ "ሰውየው ኮርቷል" ብለው ሲያጉረመርሙ ሰምቻለሁ። እጄ አልደከመም። ኩራቱም ድሮ ነበር እንጂ ዛሬ የለም። ልጆቼን "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" የሚለውን ተረት በደብተር ደጋግሜ ያስጻፍኩ አባት ነኝ። ተረቱ ትክክል ነው። ግን እያደር ማለት ስንት ዓመት እንደሆነ አይናገርም።

ሙያዬ የውሃ ሞተር ጥገና ነው። በሮቢ ወንዝ ዳር ሽንኩርትና ማሾ የሚያለሙ ገበሬዎች ሞተራቸው ሲቆምባቸው እኔ ዘንድ ይመጣሉ። ማንም አላስተማረኝም። የመጀመሪያውን ሞተር የፈታሁት ባለቤቱ ተስፋ ቆርጦ የጣለውን ነው። እያንዳንዱን ቡሎን በወጣበት ተራ ጨርቅ ላይ ደረደርኩ። መልሼ ስገጥመው አንድ ቡሎን ተረፈኝ፤ ሞተሩ ግን ተነሣ። ሰዉ አጨበጨበልኝ፣ እኔም ቡሎኑን ኪሴ ከተትኩት። ያ የተረፈ ቡሎን ብዙ ሊያስተምረኝ ይገባ ነበር።

ማንበብም የተማርኩት ሠላሳ ዓመት አልፎኝ፣ ከልጆቼ መጻሕፍት ነው። ወጌሻነትም እንዲሁ። አንድ ገበሬ ሞተር ሲያስነሣ ቺንጋው፣ ማዞሪያ ቀበቶው፣ እጁን ይዞት ክንዱ ወለቀ፤ ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም፤ ቢስሚላህ ብዬ ሳብኩት፣ ገባ። ከዚያ ወዲህ ሰው መምጣቱን አላቋረጠም። እኔም እንዳላፍር ብዬ ከሥጋ ቤት የፍየልና የበሬ እግር እያመጣሁ፣ እየቀቀልኩ፣ መገጣጠሚያውን እየፈታሁ አጠናሁ። ጉልበት የሞተር ኩሽኔታ ዘመድ መሰለኝ። ቅባት ካለው ይዞራል፣ ከቦታው ከሸሸ ይመለሳል አልኩ። ብዙ ሰውም በእጄ ድኗል፤ ይህን የምለው ለመመጻደቅ ሳይሆን፣ በኋላ የሆነው ከየት እንደመጣ እንዲታወቅ ነው። "ያስተማረኝ የለም" ማለት እወድ ነበር። ስናገረው ትሕትና አስመስዬ ነው። አስተማሪ የሌለው ሰው አራሚም እንደሌለው ያኔ አላሰብኩም።

ሦስተኛዋ ልጄ በአሥራ አራት ዓመቷ በቁመት እናቷን በአንድ ራስ በለጠች። ጎረቤቱ "የማሽላ አገዳ" ይላት ነበር። በዚያን ጊዜ ከጎጃም የተመደበ የስፖርት መምህር ትምህርት ቤቱ ውስጥ ነበር። አንድ ቀን ወደ ሱቄ መጣ።

"ጋሼ፣ ብየዳ ይሠራሉ አሉኝ።"

"ምን ልበይድልህ?"

"ቅርጫት።"

"የእኔ ልጅ፣ በእናንተ አገር ቅርጫት ይበየዳል? እኛ ዘንድ ይሰፋል።"

ሳቀና በወረቀት ሥሎ አሳየኝ። ከፌሮ ክብ ሠራሁለት፣ ምሰሶውን በሲሚንቶ ተከልኩለት፣ ከመሬት እስከ ክቡ ሦስት ሜትር ከአምስት ሳንቲም መሆኑን ሦስት ጊዜ ለካሁ። እስከ ዛሬ እዚያው ቆሟል። የተተከለ ቀን ተማሪዎቹ ተሰልፈው ያዩ ነበር። መምህሩ ለማስመረቅ ወረወረና ሳተ። ተማሪው ሲስቅ ልጄ ከሰልፉ ወጥታ ኳሱን አነሣች፣ ወረወረች፣ ገባ። ልቤ ዘለለ። በአፌ ግን ያልኩት "ሻርፕሽን አስተካክይ" ነው። እንዲህ ያለ አባት ነበርኩ።

ልጫወት ብላ ስትጠይቀኝ ሦስት ነገር አዘዝኳት። ሰላት እንዳያልፍሽ፣ ከክፍልሽ ከሦስተኛ ደረጃ እንዳትወርጂ፣ ሱሪሽና እጅጌሽ ረጅም ይሁን። ሦስቱንም ጠበቀች። ስለዚህ እኔም የእኔን ልጠብቅ ብዬ፣ ሙቀቱ ሳይነሣ ከፈጅር ሰላት በኋላ በአስፋልቱ ዳር እስከ ድልድዩ ድረስ አስሮጣት ነበር። እሷ ትሮጣለች፣ እኔ በብስክሌት ከኋላ እከተላለሁ። ሻይ ቤት በር ላይ የሚቀመጡት አይተዉንም።

"ሰውዬ፣ ልጅቷን እንደ ጭነት መኪና ጠዋት ጠዋት ታሞቃታለህ?"

"መኪና ያረጃል" እላለሁ ሳልቆም። "ልጄ አታረጅም።"

ልጄ እየሮጠች ትስቃለች። "አባዬ፣ ዝም ይበሏቸው፣ ትንፋሽዎን ይጨርሱታል።"

አሥራ ሁለተኛን ስትጨርስ የአዲስ አበባ የቅርጫት ኳስ ክለብ ወሰዳት። ስድስት ዓመት በሙያው ኖረች። ሲጀመር እኔ ሥራ ነው አላልኩትም፤ በዓመቱ ግን ታናሾቿን በትምህርት ስትደግፍ አይቼ አፈርኩ። ጨዋታዋን አንድ ጊዜ ሄጄ አየሁ። አዳራሽ ውስጥ ነው፣ ጫማ ወለሉ ላይ ሲፋጭ ጆሮ ይበሳል። ከጎኔ የተቀመጠ ጎልማሳ ሰላም አለኝ።

"አባት፣ የማን ደጋፊ ነዎት?"

"የረጅሟ።"

"ሁሉም ረጃጅም ናቸው እኮ።"

"የእኔ ትረዝማለች።"

ስትወድቅ እነሣለሁ። በሦስተኛው ጊዜ ሰውየው ኮቴን ጎተተኝ። "ይቀመጡ አባት፣ ልጅዎ ተነሥታ ጨርሳለች፤ የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት።" ከኋላዬ ያሉት ሳቁ። ሥራዋ ከቅርጫቱ ሥር ቆሞ የተሳተ ኳስ መያዝ ነበር። ማታ እራት ስንበላ አስረዳችኝ። "አባዬ፣ ሌሎቹ ይስታሉ፣ እኔ እለቅማለሁ።" አንዲት ኳስ ለመያዝ ስንት ጊዜ ትዘያለሽ አልኳት። "እስክይዛት" አለች። በዚያ ምሽት በልጄ ኮራሁ፤ አልነገርኳትም። ምስጋና ልጅ ያበላሻል የሚል እምነት ነበረኝ። ልጅ የሚያበላሸው ሌላ ነገር እንደሆነ ገና አላየሁም።

በስድስተኛው ዓመት ዘልላ ስታርፍ ጉልበቷ ውስጥ ድምፅ ሰማች። እንደ ደረቅ እንጨት ነው ብላኛለች። የክለቡ ወጌሻ በረዶ አደረገላት፤ ይህ ሰው ወጌሻ ይባል እንጂ በኮሌጅ የተማረ ነው። "የውስጥ ፎቶ እስክትነሺ ማንም እንዳይነካው" አላት። ለፎቶው የአሥር ቀን ቀጠሮ ተሰጣት። እሷም አሥሩን ቀን ቤት ልሁን ብላ ወደ ሸዋ ሮቢት መጣች።

በዚያ ዘመን መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ ብዙ ስለነበር፣ መጎዳቷን የሰማ ሁሉ "መንገድ ተዘግቶባት ነው ለቀጠሮዋ ያልሄደችው?" ብሎ ይጠይቀኛል። ብዙ ጊዜ ዝም ብዬ አልፌዋለሁ፤ ዝምታዬም አዎን ይመስላል። መንገዱ ክፍት ነበር። አውቶቡስ በየቀኑ ይሄድ ነበር።

አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ሱሪዋን እስከ ጉልበቷ ሰበሰበች። አብጧል።

"እንዳይነካ ብለውኛል፣ አባዬ።"

"ማነው ያለሽ?"

"የክለቡ ባለሙያ።"

"ስንት ዓመቱ ነው?"

"ሠላሳ ይሆነዋል።"

"እኔ እሱ ሳይወለድ ጉልበት አይቻለሁ። እግርሽን ዘርጊ።"

ዘረጋች። በዚያ ቤት እግርሽን ዘርጊ ስላት የማትዘረጋ ልጅ አላሳደግኩም። እዚህ ላይ የጥፋቱ ግማሽ አለ። መታዘዝን አስተማርኳት፤ እኔ ስሳሳት እምቢ ማለትን ግን አላስተማርኳትም።

የሰሊጥ ዘይት አሙቄ ጀመርኩ። አውራ ጣቴ ከጉልበቷ ጎን ሲያልፍ የማላውቀው ነገር ገጠመኝ። የታችኛው አጥንት ሲጎተት እንደ ላላ ቺንጋ ተከተለኝ። እዚህ ላይ መዋሸት አልፈልግም። ጣቴ ነግሮኛል። አላውቀውም ማለት ነበረብኝ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ለማንም ብዬው የማላውቅ ቃል ስለሆነ ከአፌ አልወጣም። ለሁሉም የምለውን አልኳት። "ዞሯል እንጂ አልተበጠሰም።"

ሦስት ጠዋት አሸሁት። እብጠቱ ቀነሰ። በአራተኛው ቀን ተራመደች፣ በስድስተኛው እስከ ድልድዩ ቀስ እያለች ሮጠች። ሻይ ቤት ያሉት "መኪናው ተጠገነ!" ብለው ጮሁ፤ እኔም እጄን አነሣሁላቸው። ማታ ስለ ቀጠሮው አነሣች።

"ለማንኛውም ፎቶውን ልነሣ?"

"ሐኪም ጤነኛ አያክምም። አሥር ቀን ብትጠፊ ቦታሽን ሌላ ትይዘዋለች።"

"እጫወታለሁ ማለት ነው?"

"ትጫወቻለሽ።"

ሄደች። ለክለቡ ድኛለሁ አለች፣ ቀጠሮውን ተወችው። ሁለት ጨዋታ ተጫወተች። በሦስተኛው ማንም ሳይነካት ወደቀችና አልተነሣችም።

ስልክ ሲደወልልኝ በሚቀጥለው አውቶቡስ ወጣሁ። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ትሑት ነው፣ ፎቶውን በስክሪን አሳየን። እንደምረዳው አድርጎ ነገረኝ። ሁለቱን አጥንቶች የሚያስረው ጅማት ተበጥሷል፤ ይህ የመጀመሪያው ጉዳት ነው፣ ተቀጥሎ ይስተካከል ነበር። ከዚያ በኋላ ስለተጫወተችበት ግን በአጥንቶቹ መሃል ያለው ትራስ ተፈጭቷል። የተፈጨ አይመለስም። ትራመዳለች፣ ትሮጥም ይሆናል፤ እንደ ድሮው መዝለል ግን አበቃ። ከዚያ እስክሪብቶውን አነሣና ጠየቃት።

"ከመጀመሪያው ጉዳት በኋላ ያሸው ወይም የጎተተው ሰው ነበር?"

ልጄ "የለም" አለች።

እኔ ከአልጋው ግርጌ ቆሜ ነበር። እጆቼን አየኋቸው። ሐኪሙ ወደ እኔ ዞሮ "አባት፣ እርግጠኛ ናችሁ? ለሕክምናው ይጠቅመናል" አለ። ለሕክምናው ይጠቅመናል እያለኝ ዝም አልኩ። አንገቴን ወደ ታች አደረግኩ፤ እሱም እንደ አዎንታ ቆጠረው፣ ጻፈ። ልጆቼ ውሸት ሲናገሩ በርበሬ ያጠንኩ ሰው ነኝ።

ቀዶ ሕክምናው ተደረገላት። ከሳምንታት በኋላ ክራንቿን ይዛ አብረን በአውቶቡስ ተመለስን። እግሯን ወደ መተላለፊያው ዘርግታ ተቀምጣለች። የጣርማ በርን ዋሻ አልፈን ደብረ ሲናን ወርደን ሙቀቱ በመስኮት መግባት ሲጀምር፣ ተሳፋሪው ሹራቡን ማውለቅ ሲጀምር፣ ድፍረት አገኘሁ።

"ለሐኪሙ ለምን አልተናገርሽም?"

 ከመስኮቱ ሳትዞር "እርስዎስ?" አለች።



አሁን የማፍርበትን ሌላ ነገር ልጻፍ። ከዚያ ስመለስ ወጌሻነቱን አልተውኩም። ሁለት ዓመት ያህል ቀጠልኩ። ለመተው ምክንያት መስጠት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱን ላለመናገር ብዬ የሰው እግር መያዝ ቀጠልኩ። ጉልበት ሲመጣም እይዘው ነበር።

ልጄ በእነዚያ ሁለት ዓመታት አዲስ አበባ የአሰልጣኝነት ኮርስ ወሰደች፣ በክለቡም ረዳት ሆና ሠራች። ከዚያ የከተማው ወጣቶች ስፖርት ሰዎች ጠሯትና ወደ ሮቢት መጥታ የሴቶች ቡድን አቋቋመች። የምታሰለጥነው እኔ የበየድኩት ቅርጫት ባለበት ሜዳ ላይ ነው። ፌሮው ዝጓል፣ ክቡ ወደ ግራ ትንሽ ዘሟል፤ ላቃናው ብላት "ተዉት አባዬ፣ በዘመመ የለመደ በቀናው አይስትም" አለችኝ።

አሰለጣጠኗን ከአጥር ውጭ ቆሜ አይ ነበር። ልጆቹን መጀመሪያ ያስተማረቻቸው መዝለል አይደለም። ከዝቅተኛ ድንጋይ ላይ ወርደው በሁለት እግር ማረፍ ነው። ጉልበት ወደ ውስጥ እንዳይታጠፍ፣ ክብደት ተረከዝ ላይ እንዳይወድቅ። በቀን ሃምሳ ጊዜ፣ ለሳምንታት። ሌላ ነገር የለም። እናቶቹ ያሾፉባት ነበር።

"ልጆቻችን መዝለል ሊማሩ ሄደው መቆም ይማራሉ!"

"እትዬ፣ መዝለል ማንም ይችላል" ትላቸዋለች።

እነሱ ቀልድ መስሏቸው ይስቃሉ። እኔ ከአጥሩ ውጭ ሆኜ እያንዳንዷን ቃል ለብቻዬ እሰማለሁ።

አንድ ጥብቅ ሕግ አላት። የወደቀች ልጅ ወጌሻ ዘንድ አትሄድም፤ ለእሷ ትነግራለች፣ እሷ ሐኪም ቤት ትወስዳታለች። ይህን በወላጆች ስብሰባ ላይ ስትናገር እኔም ነበርኩ። አንዱ ወላጅ ከኋላ "አባትሽ ወጌሻ አይደሉም እንዴ? ቤትሽ ያለውን ጠላሽው?" አላት፤ ስብሰባው ሁሉ ሳቀ። ልጄ አንድ ጊዜ ወደ እኔ ተመለከተች፤ ከዚያ ወረቀቷን ገልብጣ ስለ ጫማ መናገር ጀመረች። ያን ቀን ገባኝ። ምክንያቱን ብትናገር ሕጓ ይከበር ነበር። እኔን ለመሸፈን ስትል ሕጓ መሳቂያ ሆነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ማሸት ተውኩ። ለምን እንደተውኩ ግን አሁንም ለማንም አልተናገርኩም። ጥፋትን ማቆምና ጥፋትን መናገር ሁለት ነገር ናቸው፤ እኔ ቀላሉን መረጥኩ።

ባለፈው የማሽላ አጨዳ ሰሞን ነው። ከቡድኗ አንዲት ልጅ አለች፣ ከቀወት ገጠር የመጣች፣ ዘመድ ቤት ተቀምጣ የምትማር፣ ቁመቷ የልጄን የድሮ ቁመት የሚያስታውሰኝ። ልምምድ ላይ ወደቀች፣ ጉልበቷ አበጠ። ልጄ ደብረ ብርሃን ሐኪም አነጋግራ ለቅዳሜ ቀጠሮ ያዘችላት። ማክሰኞ ከቀትር በኋላ የልጅቷ አባት በባጃጅ አምጥቶ አግዳሚዬ ላይ አስቀመጣት።

"አሰላሙ ዐለይኩም፣ ጋሼ። ያቺን መድኃኒት እጅዎን ፈልጌ ነው።"

"ወዐለይኩም ሰላም። እጄ ቆሟል። ልጄ ለቅዳሜ ቀጠሮ ይዛላችኋለች።"

"ቅዳሜ! ዛሬ ማክሰኞ ነው። ሰኞ ለዞን ውድድር የሚሄዱት ይመረጣሉ። ቅዳሜ ሐኪም ያየና 'ወር ተኚ' ይላታል። ሐኪም ሌላ ምን ያውቃል?"

"ወር ትተኛ። እግር ይጠብቃል። የማይጠብቀው ሰው ነው።"

"ጋሼ፣ የእኔ ወንድም ከማማ ላይ ሲወድቅ እርስዎ እኮ ትከሻውን መልሰውለታል! ዛሬም የሚያርሰው በእጅዎ ድኖ ነው።"

"ትከሻ ነበር። አላህ ረዳኝ።"

"አላህ ትከሻን ረድቶ ጉልበትን ይተዋል?"

ልጅቷ ሱሪዋን ሰብስባ ነበር። ጉልበቷን ሳየው የኋላዬ ሁሉ መጣ። ተቀመጥኩና ለስምንት ዓመት ያልተናገርኩትን ተናገርኩ። የልጄን ጉልበት ያጠፋሁት እኔ ነኝ አልኩ። አትንኩ ተብሎ ነካሁት፣ ጣቴ እየነገረኝ ደበቅኩ፣ ቀጠሮዋን አስቀረሁ፣ ሐኪም ሲጠይቅ ዝም አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። ስጨርስ አንድ ነገር የሚፈርስ መስሎኝ ነበር።

ሰውየው ሳቀ።

"ጋሼ፣ ልጅዎን በየቀኑ እናያታለን እኮ። ቆማ ትሄዳለች። ፊሽካ ይዛ ከተማውን ታዛለች። ከደብረ ብርሃን እስከ ደሴ ያውቋታል። ይህ ነው መጥፋት? የእኔንም እንዲሁ ያጥፉልኝ!"

"መዝለል አትችልም" አልኩት።

"ሠላሳ ካለፋት በኋላ ለምን ትዘላለች?"

 ሃያ አምስት ዓመቷ ነበር ያኔ ማለት ይገባኝ ነበር፤ አላልኩም። ሰውየው ተነሣ። "ጀውሃ ከተማ አንድ ወጌሻ አለ ብለውኛል፤ እንደ እርስዎ አይግደረደርም።" ልጅቷን ደግፎ ሲያስነሣት ወደ እኔ ዞረች።

"አባባ፣ እስከ ቅዳሜ ብጠብቅ ለዞን እጫወታለሁ?"

ልጅቷ የፈለገችው አንድ ቃል ነበር። ያን ቃል አውቀዋለሁ፣ ጀውሃ ያለው ሰውም እንደሚላት አውቃለሁ። እኔም ለልጄ ያልኳት ያንኑ ነው።

"አላህ ያውቃል" አልኩ።

አንገቷን ነቀነቀችና ባጃጁ ላይ ወጣች። እውነት ከተናገርኩባቸው ቀኖች ሁሉ እንደዚያን ቀን ከንቱ የሆነብኝ የለም። ውሸቴ በአንድ ቃል ልጄን አሳምኗት ነበር፤ እውነቴ ግን ሩብ ሰዓት ሙሉ ተነግሮ አንድ ባጃጅ አላቆመም።

ለልጄ ደወልኩ፤ አታነሣም፣ ሜዳ ላይ ስትሆን ስልኳ ቦርሳ ውስጥ ነው። ሄድኩ፤ በእኔ እርምጃ ሜዳው ሩቅ ነው። ስነግራት ፊሽካውን ከአንገቷ አውልቃ ለአንዷ ልጅ ሰጠቻትና ወደ ጀውሃ የሚሄድ መኪና ለመያዝ ወደ አስፋልቱ እያነከሰች ሮጠች። ስትሮጥ እንደምታነክስ ያን ቀን ነው ያየሁት። ከጉዳቱ ወዲህ በፊቴ ሮጣ አታውቅም ነበር።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ተመለሰች። አግዳሚው ላይ፣ ከእኔ አጠገብ ተቀመጠች። ጉልበቷን ካሸሁበት ጊዜ ወዲህ እዚያ ተቀምጣ አታውቅም።

"ደረስሽ?"

"ሰውየው ጨርሶ እጁን ሲታጠብ።" እግሯን ዘረጋች። "ለአባቷ ነገርኩት ያሉኝ ምኑን ነው?"

"ያደረግኩትን።"

"ሁሉንም?"

"ሐኪሙ ፊት ዝም ማለቴን ጭምር።"

"እና ምን አለ?"

"ሳቀ።"

 ጎረቤት በጎቹን ሲያስገባ ሰላም ብሎን አለፈ። "እኔም በዚያች ልጅ ዕድሜ ብሆን ባጃጁ ላይ እወጣ ነበር" አለች። ይቅር ያለችኝ ይሁን ወይም ያላለችኝ አላውቅም። መጠየቅም መብቴ አልመሰለኝም።

የልጅቷ እብጠት በሦስት ቀን ቀነሰ። እንደሚቀንስ አውቅ ነበር። ቅዳሜ ቀጠሮዋ ላይ አልሄደችም፤ አባቷ "ጤነኛ ሐኪም ቤት ምን ይሠራል?" ብሏል። ሰኞ ልጄ ከዞን ዝርዝር የልጅቷን ስም ሰረዘች። አባቷም መጥቶ በሰው ፊት "ራሷ መዝለል ስላቃታት የሚዘል ሰው አይታ ትቃጠላለች" አላት።  እኔ "አንተ ሰው፣ አላህን ፍራ" አልኩት። ሰዉ ግን የተመለከተው እኔን ሳይሆን ሜዳው ላይ ያለ ችግር የምትሮጠውን ልጅ ነበር። እውነቱ የእሱ ይመስል ነበር፤ ዓይን ያየው ለእሱ ይመሰክራል።

በዚያው ሳምንት ትምህርት ቤቱ ከሌላ ትምህርት ቤት ጋር ጨዋታ ነበረው። በትምህርት ቤቱ ቡድን ላይ ልጄ ሥልጣን የላትም። የስፖርት መምህሩ አዲስ ነው፤ ልጄ ሄዳ እንዳያስገባት ለመነችው፤ "አባቷ ፈርመዋል፣ ራሷም ደህና ነኝ ትላለች" አላት። ልጅቷን አስገባት።

ሄድን። ለምን እንደሄድን አላውቅም። ከሜዳው ዳር፣ ልጄ ማረፍ ከምታስተምርበት ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ልጅቷ ከቅርጫቱ ሥር ቆማ ነበር፤ ልጄ ትቆምበት በነበረው ቦታ። ኳስ ሲሳት ትዘላለች። ስትዘል ሕዝቡ ያጨበጭባል፤ ስታርፍ ልጄ ከጎኔ ትንፋሿን ትይዛለች። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጊዜ በሁለት እግር፣ እንደተማረችው አረፈች። በሦስተኛው በአንዱ እግር፣ በደህናው ላይ ብቻ። ልጄ "አዩት?" አለች ቀስ ብላ። "እግሯ አውቆታል። እሷ ናት ያላወቀችው።"

"ሄጄ ላስቁማት?"

"ማን ነኝ ብለው?"

ማን ነኝ ብዬ? ድሮ ቢሆን ይህ ከተማ ይሰማኝ ነበር። ለማይገባኝ ነገር የተሰጠኝን አመኔታ ሁሉ ሳልቆጥብ ጨርሼዋለሁ።

ልጅቷ ኳሱን ይዛ ወደ እኛ ዞረች፤ ልጄን አይታ፣ አየሽ አይደል እንደማለት ፈገግ አለች። ልጄ እጇን አነሣችላት፤ ጉልበትሽን እጠፊ የሚለውን ምልክት አሳየቻት። ልጅቷ ሰላምታ መስሏት እሷም እጇን አውለበለበች። ከዚያ ኳሱ ወደ ላይ ተወረወረ፣ የኔን የዘመመ ፌሮ መታ፣ ተመለሰ። ልጅቷ ለመዝለል ወገቧን ዝቅ አደረገች።

ልጄ ሰዓቷን አየች። ገና የመጀመሪያው አጋማሽ አላለቀም ነበር።